ከአርባው ቀን በኋላ

ግንቦት በባተ በመጀመሪያው ቀን ልደታ ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ምዕራብ ያለው የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ከእርሱም ጋር ክፍለ ከተማው፣ ስሙን ያገኘው በዚሁ በዓል ከምትጠራው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚህ ዕለት ማዕዱ ከጣሪያ ሥር አይዘረጋም። ንፍሮው፣ ዳቦው፣ ቡናው ወደ ደጅ ይወጣል፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ዛፍ ጥላ ወይም በአንድ ግቢ ይሰበሰባል። ትውፊቱ እንደሚለው ኢያቄምና ሐና ድንግል ማርያምን የወለዱት ከቤታቸው ርቀው በሊባኖስ ተራራ ነውና፣ ደጅ የሚበላው ማዕድ የዚያ ስደት መታሰቢያ ነው።

በዓሉ በተወለደችው ስም ይጠራ እንጂ የወለደችውም በውስጡ አለች። ሐና ለረጅም ዘመን «መካን» እየተባለች ስትነቀፍ የኖረች ሴት ናት። በስተርጅናዋ ፀነሰች፤ ከቀዬዋ ርቃ ወለደች። ልጅ ያጡ ሴቶች ለልደታ የሚሳሉት፣ ያገኙትም በዓመቱ ስእለታቸውን ይዘው የሚመጡት፣ የሐና ነገር የራሳቸው ነገር ስለሆነ ይመስለኛል። እንግዲህ የልደታ ሰው የእናትን ነገር ለማንሳት ከሌላ አገር የሚላክለት ቀን አያስፈልገውም፤ የሰፈሩ ስም ራሱ መውለድን ያስታውሰዋል።

ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት ለልደታ ጎረቤት የሆነ ሌላ ዕለት መጥቷል። ብዙ አገሮች በሜይ ወር ሁለተኛ እሑድ የሚያከብሩት የእናቶች ቀን በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 6 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በ2002 እና በ2013 ዓ.ም. ሁለቱ በአንድ ዕለት ገጠሙ። ግጥምጥሞሹ በዚህ አያበቃም። ቀኑን ያስጀመረችው አሜሪካዊት አና ጃርቪስ፣ እናቷ አን ሪቭስ ጃርቪስ የሞተችባት እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1905 ነበር፤ ይህም በእኛ ግንቦት 1 ቀን 1897 ዓ.ም. ነው። ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ዕለቱ በአገር ደረጃ እንዲከበር ያወጁትም ሜይ 9 ቀን 1914፣ ማለትም ግንቦት 1 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ተአምር ነው አልልም። ነገር ግን የዚያች እናት ታሪክ ለእኛም የሚነግረን ነገር አለው።

አን ሪቭስ ጃርቪስ ከወለደቻቸው ልጆች ብዙዎቹን በልጅነታቸው የቀበረች ሴት ነበረች። ሐዘኗን ይዛ ቤት አልተቀመጠችም። የመንደሯን ሴቶች በማኅበር አደራጀች፤ ማኅበሮቹ ንጽሕናን ያስተምሩ፣ ለታመመ መድኃኒት ይገዙ፣ እናት በሳንባ ነቀርሳ በወደቀችበት ቤት የምታግዝ ሴት ይቀጥሩ ነበር። ልጇ አና ቀኑን ስትመሠርት ይህን የእናቷን ሥራ በማሰብ ነው። ዕለቱ ከታወጀ በኋላ ግን የአበባና የካርድ ነጋዴዎች ወረሱት፤ እርሷም የቀረ ዕድሜዋን ከእነርሱ ጋር ስትከራከር አሳልፋ እ.ኤ.አ. በ1948 አረፈች። ሌሎችን በማገዝ የተጀመረ ነገር በስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ተሸፈነ።

እኔ ዕለቱን የምቃወም አይደለሁም። «የፈረንጅ ነው፣ አይደለም» የሚለው ክርክርም ብዙ አይጠቅመንም፤ በአገራችንም ጉራጌዎች አንትሮሽት የሚሉት የእናቶች በዓል አላቸው። ስለ እናቱ ደግ ቃል የሚናገር ሰው በየትኛውም ቀን ቢናገር ደስ ይለኛል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እናት በምትከበርበት ቀን የሚቆመው ማን ነው? የሚቀመጠውስ?

እስቲ በዓሎቻችንን በዚህ ዓይን እንያቸው። እንቁጣጣሽን፣ መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን፣ ዒድን። ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት የምትከትፈው፣ ዶሮውን ገነጣጥላ ደጋግማ የምታጥበው፣ ሊጡን የምታቦካው፣ ሌሊቱን ከእሳት ጋር የምታድረው እርሷ ናት። በዓል ለቤተሰቡ ዕረፍት ነው፤ ለእናት ግን ከአዘቦቱ ቀን የከበደ የሥራ ቀን ነው። «እናንተ ብሉ፣ እኔ እደርሳለሁ» እያለች ትዞራለች፤ ስትደርስ ወጡ ቀዝቅዟል። በልደታም የደጁ ንፍሮ በራሱ አልተቀቀለም። በእናቶች ቀን እንኳ ኬኩ ተገዝቶ ይመጣና ልጆቿ ከከበቧት በኋላ ቡናውን የምታፈላው እርሷው ናት። ፎቶግራፉ ላይ ፈገግ ብላ ትታያለች፤ የጀበናው እሳት ግን አይታይም።

በባህላችን ይህ ሥርዓት የሚገለበጥበት አንድ ወቅት ብቻ አለ፤ አራስነት። የወለደች ሴት ተኝታ ሌላው ይቆምላታል። ገንፎው ይገነፋል፤ በመካከሉ ቅቤና በርበሬ ይደረግበታል። አጥሚቱ ይሞቃል። ራሷን ቅቤ ይቀቧታል፤ ገላዋን ያጥቧታል፤ ከብርድና ከፀሐይ ይጠብቋታል። እናቷ ከሩቅ አገር ትመጣለች፤ ጎረቤት ተራ ገብቶ ይጠይቃታል፤ የመጣው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ውኃ ልቅዳ ብትል ይቆጧታል። በክርስቲያኑ ዘንድ ልጁ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ሞልቶት ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አራስ ናት። በሙስሊሙም ዘንድ 40 ቀን የታወቀ የአራስ ወግ ነው። በኦሮሞ ባህል ደግሞ በአምስተኛው ቀን ሴቶች ተሰብስበው ገንፎ የሚበሉበት ሸነን አለ።

የአራስ ቤትን ነገር ልብ ብላችሁ እዩልኝ። እዚያ ቤት ግጥም የሚያነብላት፣ ንግግር የሚያደርግላት የለም። ክብሯ የሚገለጠው በሚሠራላት ሥራ ነው። ዕረፍቷም ውለታ አይደለም፤ የሚገባት ነው፤ የምትተኛው ሰው አስፈቅዳ አይደለም። ቀኑ የተቆጠረ ነው፤ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ሳይሆን አርባ፣ ሰማንያ። ሸክሙም በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ አይወድቅም፤ ለብዙ እጅ ይከፋፈላል። እናትን ማክበር ምን ማለት እንደሆነ የሚያስተምር መጽሐፍ ቢጠፋ፣ የአራስ ቤት ወግ ብቻውን ይበቃ ነበር።

ነውሩንም መሸፈን አይገባም። ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል የሚባልባቸው ቤቶች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። አራስ ቤት የሴቶች መንደር ነው፤ ሴት ሴትን ትረዳለች እንጂ የወንዱ እጅ ገንፎ ማማሰያውን አያውቀውም። ድኻይቱ ደግሞ ይህን ወግ ከወሬ በቀር ላታውቀው ትችላለች፤ በሳምንቷ እንጨት የተሸከመች፣ በአሥረኛው ቀን ጉሊቷ ላይ የተቀመጠች ብዙ ናት። ከሁሉ በላይ ግን፣ ወጉ ሙሉ በሙሉ በተጠበቀበት ቤትም ቢሆን አርባው ቀን ያልቃል። በአርባ አንደኛው ቀን ቅቤው ይታጠባል፣ እንግዳው ይበተናል፣ ጀበናው ወደ እጇ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን በሙሉ የእርሷ የመቆም ዘመን ነው። እኛም የማትቀመጠውን እናት «የማይደክማት» ብለን እናወድሳታለን።

ወደ አራስ ቤት ለመግባት እንኳ በሕይወት መትረፍ ያስፈልጋል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ምርቃት ባዶ ወግ አይደለም፤ ያልተማሩ ብዙዎች ስለነበሩ የተፈጠረ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከልደታ ብዙ መራቅ አይገባም፤ በቀላል ባቡሩ መስመር ወደ ምዕራብ እስከ ጦር ኃይሎች መሄድ ይበቃል። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሆነው ቀድሞ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ነበር። ከነፃነት በኋላ አግብተው ነቀምት ሳሉ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በ22 ዓመታቸው አረፉ። የንጉሥ ልጅነትም፣ የሕክምና ዕውቀትም ከዚያ አላዳናቸውም። የንጉሥ ልጅ እንዲህ ከሆኑ፣ መንገድ የሌለው ቀበሌ ውስጥ በምጥ የተያዘችው ሴት ምን ተስፋ ነበራት?

ዶ/ር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶ/ር ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት በዚሁ ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን ነው። እዚያ ያገኟቸው ሴቶች ግን በተራዘመ ምጥ ልጃቸውን አጥተው፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው፣ ከሰው የተለዩ ነበሩ። ከእነርሱም አንዷ ወ/ሮ ማሚቱ ጋሼ፣ ለሕክምና መጥተው እዚያው ቀሩ፤ የትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ሙያውን ተማሩ፤ ኋላም የብዙ ሴቶችን ፊስቱላ የሚጠግኑ ባለሙያ ሆኑ። የፊስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1974 ተከፈተ። ዶ/ር ካትሪን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኑሯቸው በዚህችው አገር ነበር። ሃምሊን ያከበሯቸው እናቶች እንደ አበባ ያለ ስጦታ ያማራቸው አልነበሩም። የፈለጉት መታከምና ወደ ሰው መመለስ ነበር።

የአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 ሕያው ወሊድ 871 እናቶች እንደሚሞቱ አመለከተ። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 412 ወርዶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ መቀነሱ ቀጥሏል። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ይህ እንዲሁ የመጣ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ቤት ዞሩ፤ አምቡላንስ ተገዛ፤ በየጤና ጣቢያው የወላድ እናቶች ማቆያ ቤት ተሠራ። ደስ የሚለኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ሴቶች ጤና ጣቢያ የማይሄዱት ገንፎና ቡና፣ ዘመድና ወግ ስለሌለበት ጭምር መሆኑ ሲታወቅ፣ በብዙ ቦታ ገንፎው ወደ ጤና ጣቢያ ገባ፤ የአካባቢው ሰውም እህል አዋጣ። የአራስ ቤት ወግና የሐኪም ዕውቀት በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ። ቁጥሩ የነገረን ነገር ቢኖር የእናት ሞት ዕጣ ፈንታ አለመሆኑን ነው። ሆኖም 412 ማለት በየ243 ወሊዱ አንዲት እናት ማለት ነበር፤ የጉዞው ርቀትም በዚህ ይታወቃል።

ሕጉም ለአራስነት የራሱን ቀን ቆጥሮላታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ነበር። ለአባት የተፈቀደለት ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን! ገንፎው እንኳ አያልቅም። ደግሞም ይህ ጥላ የሚያርፈው ደመወዝተኛዋ ላይ ነው። ጉሊት የምትቸረችረው፣ በቀን ሥራ ጡብ የምትሸከመው፣ ገበሬዋ፣ ከዚህ ፈቃድ ድርሻ የላትም። በሰው ቤት የምትሠራውን አዋጁ በግልጽ ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጪ አድርጓታል። ስንቱ ቤት የሌላዋን ልጅ በምታሳድግ፣ የራሷን ልጅ ግን ገጠር ባስቀመጠች እናት ጉልበት እንደሚቆም እናውቃለን። የእናቶች ቀን ሲከበር ኬኩን ቆርሳ የምታቀርበውም እርሷ ናት።

የልደታ ሰፈር ራሱ በዚህ ረገድ የሚታሰብ ነገር አለው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራበት፣ ብዙው ነዋሪ ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተነ። የጭቃ ቤቱ ማርጀቱ፣ የጋራ መጸዳጃው አስቸጋሪነቱ እውነት ነው፤ ለዚያ የሚያለቅስ የለም። ግን ከግድግዳው ጋር አብሮ የፈረሰ ነገርም ነበር። ሕፃን ሲያለቅስ ከወዲያ ማዶ የሚሰማበት፣ ወላድ ያለችበት ቤት ጭሱ ቢዘገይ «ምነው?» ተብሎ የሚጠየቅበት አኗኗር ነበር። ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ የተኛችን አራስ ከጎኗ ያለው በር ላያውቃት ይችላል። በአዲስ አበባ እየተስፋፋ ያለው ኑሮ የአራስ ቤትን ብዙ እጅ እየቀነሰ፣ ሸክሙን ለአንዲት ሴት እየተወ ነው። ስለዚህ የቀድሞው ጎረቤት ያደርገው የነበረውን አሁን ማን ያድርገው ብለን መጠየቅ ግዴታችን ነው። የመጀመሪያው መልስ እዚያው ቤት ውስጥ ያለው ባል ነው። ሁለተኛው የፎቁ ዕድር ነው፤ ለቀብር ድንኳን የሚተክል ማኅበር ለልደትም ገንፎ ማገንፋት አያቅተውም።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ፣ መጽሐፍ ወደምንወደው ሰዎች ልመለስ። በግጥሞቻችን ውስጥ እናት የሌለችበት ቦታ የለም። ግን ምን ስታደርግ እናያታለን? ልጇን አብልታ ጦሟን ስታድር፣ በጭስ ዓይኗ ሲፈዝ፣ ነጠላዋ ሲያልቅ። ረኀቧን በውብ ቃል እናስጌጠዋለን፤ ለምን እንደተራበች ግን አንጠይቅም። እንዲህ ያለው ውዳሴ ሳያስበው ሸክሟን ይባርካል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲጀምሩ የበዛብህን እናት ውድነሽ በጣሙን ከእናትነቷ በፊት የራሷ ታሪክና የራሷ ብቸኝነት ያላት ሴት አድርገው ነው የሚያሳዩን። ይህ ክብር ነው፤ እናትን ሙሉ ሰው አድርጎ ማየት።

ከዚህም በላይ የሆነ ዕዳ አለብን። እናት የግጥማችን ርእስ ብቻ አይደለችም፤ የመጀመሪያዋ ገጣሚያችን ናት። እሹሩሩን የሰማነው ከእርሷ ነው። ወፍጮ ላይ ሆና ታንጎራጉረው የነበረው፣ ባሏን የምትወቅስበት፣ ዕድሏን የምትከስበት፣ አንዳንዴም የምትስቅበት ግጥም ስንቱ ተጽፏል? የወፍጮ ቤት ሞተር ሲመጣ ጉልበቷ ዳነ፤ ያ ቃል ግን የሚሰበስበው አጥቶ በየመጁ ላይ ቀረ። እናቱ በሕይወት ያለችለት ሰው ስለ እርሷ አዲስ ግጥም ከመጻፉ በፊት እርሷ የምታውቀውን ቢጽፍላት፣ ልጅ ሳለች ምን መሆን ትፈልግ እንደነበር ቢጠይቃት፣ ምን ያህል የማያውቀው ሴት እንደምትቀመጥ ባየ!

«የእናት ፍቅር በቀንና በሥራ ይለካል ወይ? እርሷ እንደሆነ ሳትጠየቅ፣ ወዳ የምታደርገው ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ፍቅሯ አይለካም፣ እንድትተወውም የሚጠይቃት የለም። ሸክሙ ግን ይለካል። ስንት ባልዲ ውኃ፣ ስንት ፎቅ ደረጃ፣ ስንት ሌሊት መሆኑ ይቆጠራል። ፍቅሯን ምክንያት አድርገን ሸክሙን ሁሉ ለእርሷ መተው ከአክባሪዎቿ አያስቆጥረንም። «እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» ይባላል። ልጅ ያለቅስ፤ ልጅ ነው። ጎልማሳው ግን እናቱ ገበያ ሄዳ ምን ተሸክማ እንደምትመለስ ማሰብ፣ ብድግ ብሎም መቀበል አለበት።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። የእናቶችን ቀን የሚያከብር ያክብር፤ ልደታንም የሚያከብር ያክብር። ግን በዓመቱ ውስጥ የአራስ ቤትን የሚመስሉ ቀኖች እናብዛ። በሳምንት አንድ ቀን እርሷ ተቀምጣ ሌላው የሚያበስልበት ቀን ይኑር፤ ሽሮ ይረር፣ ግድ የለም። ወንዶች ልጆች ገንፎ ማገንፋትን ይልመዱ። በየመሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር፣ የአባት ፈቃድ ከሦስት ቀን እንዲያልፍ፣ በሰው ቤት የምትሠራዋም እናት መሆኗ በሕግ እንዲታወቅ ድምፃችንን እናሰማ። ነፍሰ ጡር ጎረቤት ያለው ሰው የአምቡላንሱን ስልክ ይያዝ። ይህ ሁሉ የካርድ ዋጋ አያህልም፤ ግን ከካርዱ ይልቅ ዕድሜ ይጨምራል።

በአርባው ቀን እናትን ማክበር ቀላል ነው፤ ወጉ ያግዘናል፣ ሰው ያየናል። የሚከብደው አርባ አንደኛው ነው፤ እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ ማንም በማያይበት ዕለት፣ እርሷ «ግድ የለም፣ እኔ እሠራዋለሁ» ስትል። ያን ጊዜ ማማሰያውን ከእጇ የሚቀበላት ሰው ይስጣት።

ቸር እንሰንብት።